ከድንጋዩ ላይ ስጠራህ

አንተ ወንድሜ! አዎ፣ አንተን ነው። ማይኩን አስቀምጥና አንብብ።

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? የጀልባው ላይ ፀሐይ አልጎዳህም? ልጆችህስ? እኛ አለን። እማማም አለች፤ የእሷን እነግርሃለሁ።

ባለፈው እሁድ ከእማማ ጋር አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን ሩዛችንን ስንበላ ጀልባህ ቱሪስቶቿን ጭና መጣች። ድምፅ ማጉያህ እንደሆነ ለሰፈር ይተርፋል። ይሄ ዳርቻችን "የፍቅረኞች ዳርቻ" ይባላል አልካቸው፤ አንዲት ልዕልት ፍቅረኛዋ ቢከዳት ከድንጋዩ ዘላ ሞተች አልካቸው። የምን ልዕልት? የምትሠራለት ሆቴል ነው አይደል ተረቱን የሰጠህ? አጎታችን ኬአቬ ምን አለ መሰለህ፣ "ይቺ ልጅ በየጉዞው ስትዘል አይደክማትም?" ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የዳርቻው ስም ካሌኦሂና ነው። የሂና ድምፅ! የእኛዋ ሂና፣ የዘራችን እናት ናት፤ ጉም ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹ መሬቱ ሲጠፋቸው እዚያ ድንጋይ ላይ ቆማ እየጠራች ሁሉንም ያስገባቻቸው። ማንም አልሞተም፤ ድንጋዩ የተረፉበት ነው! ለዚህ ነው በታንኳ ውድድሩ ቀን የቤታችን ሴት ሳትጠራ፣ ቀዛፊዎቹም ከባሕሩ ሳይመልሱላት፣ አንድም ታንኳ አሸዋውን የማይነካው። ይሄን ለአንተ ልንገርህ እንዴ? ማዕበል ላይ መቆም የተማርከው እዚያ አይደል? የማዕበል መንሸራተቻ ጣውላህ አምልጦህ አለቱ ሥር ስትንደፋደፍ ወደ ማን ድምፅ ነው የዋኘኸው? ወደ እማማ አይደል?

የእማማን ልንገርህ። ጀልባህ እስክታልፍ ድረስ ሰማችህ። እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው፣ እሷ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "ድምፁ እንዴት ያምራል። የእኛ ነው" አለች። ድምፅዋ ደክሟል፤ ጆሮዬን ከንፈሯ ላይ ለጥፌ ነው የሰማኋት።

ቅዳሜ ውድድሩ ነው። ዘንድሮ በእማማ ፋንታ ድንጋዩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። እሷ አሸዋው ላይ ወንበር ተዘጋጅቶላታል።

ባሕሩ በሰላም ያውጣህ፣ በሰላም ያስገባህ። ልጆችህ በስማቸው የሚጠራቸው አይጡ። ጀልባህ ታንኳዎቹን ተከትላ እንደምትመጣ አውቃለሁ። እነሱን ጠርቼ ስጨርስ አንተን እጠራሃለሁ፣ አባታችን ባወጣልህ ስም። ያን ጊዜ በዚያው ማይክ፣ ቱሪስቶችህም ሆቴሉም እየሰሙ፣ የዳርቻውን ስም ጠርተህ መልስልኝ። ጮክ በል፤ እማማ ትስማህ።

ታላቅ እህትህ