ጤነኛ ሆኖ በመገኘቱ ክትባት ስለ ተከለከለው ኩሬያችን

ለክቡር የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር ጸጥታ የሰፈነበት ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባሏ ከሞተባት ልጄ ጋር ዓሣ በማርባት የምተዳደር ሽማግሌ ነኝ። ካሉን ሁለት ኩሬዎች የላይኛው በቫይረስ በሽታ ስላለቀ፣ የታችኛው ሳይነካ ክትባት ይሰጠን ብለን ደጅ መጥናታችን ይታወሳል። ስለ ተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ክትባቱ ከመኖ ጋር ተለውሶ በአፍ የሚሰጥ፣ ዓሣን አንድ በአንድ እያጠመዱ በመርፌ ከመውጋት ድካም የሚያሳርፍ ታላቅ ጥበብ መሆኑን ባለሙያዎ በሰፊው ካስረዱንና ማቀዝቀዣውን ከፍተው ብልቃጦቹን ካሳዩን በኋላ፣ መልሰው ስለ ቆለፉት አመሰግናለሁ። ማየት ብቻውን የሚያድን ቢሆን ኖሮ ይህ የደስታ ደብዳቤ በሆነ ነበር።

፪ኛ. በመመሪያዎ መሠረት ክትባት የሚፈቀደው በሽታው መግባቱ ለተረጋገጠበት ኩሬ ብቻ ስለ ሆነ፣ የታችኛው ኩሬያችን ጤነኛ ሆኖ በመገኘቱ ልመናችን ውድቅ ሆኗል፤ የላይኛው ደግሞ መስፈርቱን ቢያሟላም የሚከተብ ነፍስ አልቀረበትም። ልጄ በጸሐፊዎ መስኮት ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ የታመመ ዓሣ እኮ አይበላም፤ ካልበላ ክትባቱ በየት ይግባ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ጸሐፊዎ «እሱን ለዓሣው ንገሪው፤ መመሪያውን እኔ አላወጣሁት» በማለት የሥልጣናቸውን ወሰን በግልጽ አስታውቀውናል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን አባባል እስከ ዛሬ በውሻው ላይ የተነገረ ነቀፌታ አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ለካ የመመሪያ ረቂቅ ኖሯል።

፫ኛ. እስከዚያው ተጠንቀቁ ስላሉን ሁለቱን ኩሬዎች የሚያገናኘውን ቦይ በአሸዋ ጆንያ ደፍነናል። ይሁን እንጂ ከላይኛው የሞተ ዓሣ ለቅመው ታችኛው ዳር የሚያርፉትን ወፎች የምናግድበት ሥልጣን አላገኘንም፤ ልጄ ቆርቆሮ እየደበደበች ስታባርራቸው ብትውልም፣ እነርሱ እንደ መሥሪያ ቤትዎ ሠራተኞች ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ክቡርነትዎ፣ ከዚህ ኩሬ ሌላ ልጄ የምትኖርበት፣ ከእርሷም ሌላ እኔን የሚጦር የለም። ከእርስዎ በላይ የምንጮህበት ደጅ ይኖር እንደ ሆነ ጠይቀን ነበር፤ እዚያም ሄደን ጉዳዩ ወደ እርስዎ ተመርቶልናል።

ፈጣሪ ለእርስዎ መመሪያዎን ለማሻሻል ዕድሜ፣ ለእኛም ለመጠበቅ አቅም እንዲሰጥ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ሰፈሩ «አባ ኩሬ» ብሎ የሚጠራኝ፣ የጤነኛ ዓሦች ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው፣ ዛሬ ማለዳ ልጄ ለታችኛው ኩሬ የበተነችው መኖ ሳይነካ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቀርቷል። መስፈርትዎን አሟልተናልና እንኳን ደስ አለዎ፤ ክትባቱን አሁን ሊልኩልን ይችላሉ፣ ልጄ ዓሦቹን አንድ በአንድ እያባበለች ታጎርሳቸው እንደ ሆነ እንሞክራለን።