ከተዘጋው ባሕር የቀዳሁት ውኃ

ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለኢኖኬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የአባታችን የዘንባባ ኮፍያ በነፋስ ተወስዶ ባሕር መግባቱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ። ቤተሰቡ ተጽናንቷል። ለመሆኑ አንተስ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ፣ ወገብህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? የአውስትራሊያው ብርቱካን ለቀማ እጅህን አላቆሰለውም? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፣ እሱንም ቀስ እያልኩ እነግርሃለሁ።

የመንደራችን አለቃ፣ አጎታችን ራቱ አፔኒሳ፣ ካረፉ ወዲህ ለሐዘናቸው ባሕራችን ለመቶ ቀን ተዘግቷል። ዓሣ አይጠመድም፣ ዛጎል አይለቀምም። በአርባኛው ቀን ዶክተር ፊሊፓ የምትባል ፈረንጅ እንግዳ ለሽማግሌ የሚያቀርበውን የመጠጥ ሥር፣ ካቫዋን ይዛ፣ ደንቡን አሟልታ መጣችና ከኮራሉ ዐለት ማዶ ውኃ መቅዳት እንደምትሻ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ተጠራጠሩ። ያኔ ማን ብድግ ቢል ጥሩ ነው? ወንድምህ። "አባቶቼ፣ ውኃ እኮ ነው። ዝናብ ሲዘንብ የሚተካ ውኃ። ዋሱ እኔ ነኝ" አልኩ። ጀልባዬ ሥራ ፈትታ ነበር፣ አልዋሽህም።

አርባ ጠርሙስ ቀዳን። እሑድ ከጸሎት በኋላ ሴትዮዋ ልታመሰግን አዳራሹ ውስጥ ቆመችና ማንም ሳይጠይቃት ታስረዳ ጀመር። በአንድ ማንኪያ የባሕር ውኃ ውስጥ ከሚሊዮን የሚበልጡ ሕያዋን አሉ አለች። ብዙዎቹ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሳይሆኑ ከፀሐይ ጉልበት ይወስዳሉ፤ ብርሃኑን የሚይዙበትም ነገር በዓይናችን ውስጥ ብርሃን ከሚቀበለው ጋር ዘመድ ነው። ምግብ ሲጠፋ በዚያ ነፍሳቸውን ያቆያሉ። ስትናገር ደስታዋ የወለደች ይመስል ነበር።

የራቱ ቃል አቀባይ የነበሩት ሽማግሌው ሌማኪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ይበላሉ ነው ያልሽው?" አሏት። ብርሃን ይበላሉ አለች። "ይዋለዳሉ?" በየቀኑ ይበዛሉ አለች። ወደ እኔ ዞሩ። "እንግዲህ ኢሲኬሊ፣ ውኃ ነው ያልከን የዓይናችን ዘመድ ሆኖ ተገኘ።"

ያ የአክስታችን ልጅ ሳሚሶኒ ከጥግ ሆኖ፣ "ዓሣ መያዝ አይችልም ብለን ስናማው፣ ሰውዬው በአንድ ጠዋት ስንት ቢሊዮን ይዞ ገባ" ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው።

ሳቁ ሲያልቅ ፍርዱ መጣ። የሐዘን ባሕር የደፈረ፣ ከነቤተሰቡ በሐዘን መፍቻው ድግስ ላይ አይቀመጥም። አባታችን የገዛ ወንድማቸው ሐዘን ሲፈታ ደጅ ሊቆሙ ሆነ። ይቅርታ የሚጠየቀው በዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው፤ ቤታችን ያለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሴሬያን ለሚስትነት ከወላጆቿ የምንለምንበት፣ ለአንተ የተቀመጠው።

አባታችን ከሳጥኑ አውጥተው ሰጡኝ፣ ቃል አልተናገሩም። ተንበርክኬ አቀረብኩት፣ ሽማግሌዎቹ ተቀበሉኝ። ድግሱ ላይ እንቀመጣለን። የሴሬያ አባት ግን ወሬው ደርሷቸው፣ "ባዶ እጁን ለሚመጣ ሽማግሌ ምንጣፍ አላነጥፍም" ብለዋል አሉ።

ዶክተሯ በጽሑፏ መጨረሻ መንደራችንን በትንንሽ ፊደል እንደምታመሰግን ጽፋልኛለች። በዚያ ምስጋና ሚስት ይለመን እንደሆነ እዚያ ያሉትን አዋቂዎች ጠይቅልኝ።

እናታችን ጉንጭህን ስማሃለች፤ ሹራብ ልበስ ብላለች። እኅታችን ሊቲያ ናፍቃሃለች። ሳሚሶኒም ሰላም ብሎሃል፤ ባይልህም አይጎድልብህ።

ወንድምህ ኢሲኬሊ
ናሳሊያ መንደር፣ ካዳቩ ደሴት፣ ሰኔ 14 ቀን

እርማት፦ ከላይ "አባታችን ከሳጥኑ አውጥተው ሰጡኝ" ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ስለሆነ፣ "አባታችን እርሻ ውለው ሳለ ሳጥኑን ከፍቼ ወሰድኩ፤ እሳቸውም ጥርሱን በሽማግሌዎቹ ፊት በእጄ ላይ አዩት" ተብሎ ይነበብ። "ቃል አልተናገሩም" የሚለው ትክክል ነው፤ እስከ ዛሬም የጸና ነው።