ከአደባባዩ ሥር ያለው ፀጉር ቤት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ። ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጃፍህን ያንኳኳ። ከናፍቆትህ በቀር እኔም አባባም ደህና ነን። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ እኔ ግን ልብስ ስፌቴን አልተውኩም።

ከአደባባዩ ሥር የነበረውን የእግረኛ መተላለፊያ ታስታውሰዋለህ? ከነሱቆቹ በግንብ ከደፈኑት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤ ከተማው ረስቶታል። አባባ ግን በየቅዳሜው ጠዋት «ሸውራሬው ጋ ልላጭ» ብለው ይወጣሉ። ያ እዚያው መተላለፊያ ውስጥ ሱቅ የነበረው ፀጉር አስተካካይ፣ ዓይኑ እየተንሸዋረረ የግራውን ጆሮ ግንድ ፀጉር ሁሌ ዝቅ አድርጎ የሚተወው፣ «አባባ ወደ ግራ አጋደሉ» እያልን የምንስቅበት። «እሱ ከሞተ ቆየ እኮ» ስላቸው «እጁ ግን እንደ ድሮው ነው» አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ተከተልኳቸው። ደረጃውን ወርደው ታጠፉ፤ እኔም ስታጠፍ የሉም። ግንቡን ዳበስኩት፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ቤት ስመለስ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል፤ ጺማቸው ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። እጃቸው ሻይ ሳያፈስ አይዝም፤ ፊታቸው ላይ ግን አንድ ጭረት የለም። የግራው ፀጉር ከቀኙ በአንድ ጣት ዝቅ ብሏል።

ሰኞ ዕለት «ሁለቱን ሸሚዞቼን እጠቢልኝ፤ ለቅዳሜ ይዣቸው እሄዳለሁ። ምሳም አትጠብቂኝ» አሉኝ። አጠብኳቸው። ለቅዳሜ እንዳይደርሱላቸው ግን ሊደርቁ ሲሉ መልሼ እነክራቸዋለሁ።

ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ። ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

ታናሽ እህትህ