የመመለሻ አፈር

ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ዝናቡ ካበቃ ወዲህ ደህና ነን። ዝንጅብሉ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ላሟም ወልዳለች። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ሃይንጉ ናት። እንደ አንተው በነጻ የትምህርት ዕድል ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ የተላከች ልጅ ናት፤ ጫካችን ውስጥ ለጥናቷ አፈር ስትሰበስብ ከርማ ያረፈችው እኛ ቤት ነው። አንድ ነገር ልለምንህ፤ ይህን ብቻህን አታንብበው። እሷ አጠገብህ እያለች አንብበው።

መመረቂያ ጽሑፍህን ተከራክረህ ማለፍህን ሰምተን መንደሩ ሁሉ እልል ብሏል። የጫካው ማኅበር ሰዎች መጥተህ ሥራውን እንድትመራላቸው ከአሁኑ ወንበር አዘጋጅተውልሃል፤ ወንበሩ አንድ እግሩ ያነክሳል እንጂ። መምህርህ እዚያው እንድትቀር ሥራ እንደሰጠህ ግን በስልክ በሹክሹክታ ነግረኸኛል። አባባ ምን ይላል ብለህም ጠይቀኸኛል። የምጽፍልህ መልሱን ነውና ታገሠኝ።

የሄድክ ቀን አባባ ኮረብታው ላይ ካለው ከአያቶቻችን መቃብር አጠገብ አንድ እፍኝ አፈር ቆርሶ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥሮ ኪስህ ውስጥ ከቶልህ ነበር። ከዚህ የሚወጣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሸኘው፤ ሲመለስ አፈሩን በተቆረሰበት ጉድጓድ ይደፋል፤ መጣ የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። አባባ ያንን ጉድጓድ በድንጋይ ከድኖ፣ ዙሪያውን ሣር በበቀለ ቁጥር እየነቀለ ጠበቀህ።

አንተ ግን ገና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተቀማህ። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ልትማር የሄድክ ሰው አፈር በሽታ ይዞ ይገባል ተብሎ ድንበር እንደማያልፍ አለማወቅህ አስቆኝ ነበር፤ አንተ ግን ያን ዕለት አልቅሰሃል። ለአባባ እንዳልነግረው አስማልከኝ፤ አልነገርኩትም። በደወልክ ቁጥር እሱ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ጤናህን አልነበረም፤ አፈሩ ደህና መሆኑን ነበር። አንተም ራስጌዬ ነው ትለው ነበር።

የነገረችው ሃይንጉ ናት። አትቆጣት፤ አላወቀችም። አንድ ቀን በረንዳው ላይ አፈሯን በየከረጢቱ ስትሞላ አባባ እንደ ልማዱ ሊያበሽቃት መጣ። ባባኩቱ በየማለዳው እዚህ ጫካ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ጆሯችን ሥር እየጮኸ፣ ልጄ ባባኩቱ የሌለበት አገር ሄዶ የባባኩቱን ጩኸት ይማራል፤ አንቺ ደግሞ መሬታችንን በከረጢት ጭነሽ ልትሄጂ ነው አላት። እሷም እየሳቀች፣ ያለ ወረቀት አንድ ማንኪያ አፈር እንኳ እንደማይገባ፣ በር ላይ ነጥቀው እንደሚጥሉት አጫወተችው። በጨርቅ የተቋጠረም ቢሆን ወይ ብሎ ጠየቃት። እሱንማ አስቀድመው ነው የሚጥሉት አለችው። አባባ በእጁ የያዘውን የሩዝ ውሃ ሳይጨርስ አስቀመጠ።

በማግስቱ ደወልክ። አፈሩ ደህና ነው ወይ አለህ፤ ደህና ነው አልከው። ጎሽ የኔ ልጅ ብሎ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና ወጣ። ተከትዬው ብወጣ፣ «እሱ እኔ እንዳላዝን ብሎ ዋሸኝ፤ እኔም እሱ እንዳያዝን ብዬ አመንኩት። አንቺም ዝም በይ» አለኝ። በሁለታችሁ መካከል ዝም ስል አረጀሁ እኮ።

ከዚያ ወዲህ ሃይንጉን መጨቅጨቅ ያዘ። ሌላ እፍኝ ወረቀት አውጥታ እንድትወስድልህ ፈለገ። ወረቀቱ ላይ አፈሩ ለምን እንደሚፈለግ ይጻፋል ብትለው፣ «ለመመለሻ ብለሽ ጻፊያ» አላት። ለምርምር ካልሆነ አይፈቀድም አለችው። ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «ይኸስ ምርምር አይደል? ይመለስ አይመለስ የሚታይበት» አላት።

መምህርህ ስለሰጠህ ሥራ ለአባባ የነገርኩት ያኔ ነው። ይቆጣል ብዬ ነበር። ባለፈው በጋ እሳቱ እስከ ሁለተኛው ወንዝ ደርሶ ጫካውን በልቶታል፤ ይህን ማን ይጠብቀዋል ይላል ብዬ ነበር። አላለም። «መኖሩንስ ባሻው ይኑር። አፈር ያልያዘ ሰው ግን መንገደኛ አይባልም፤ ጠፋ ነው የሚባለው። አፈሩን ላኩለትና ራሱ ይወስን» አለ። መልሱ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሳሉ ጠናበት። ሙራማንጋ ከተማ ሐኪም ቤት እንውሰድህ ብንለው እምቢ አለ። አንተን እንጥራው ስንል ደግሞ፣ ልጄን ከፈተናው ብታስነሱት አልታረቃችሁም ብሎ ተቆጣ። አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ነገ ኮረብታው ላይ አውጪኝና አፈሩን በእጄ ልቁረስለት አለኝ። ነገ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ መሬት አይነካም አልኩት። ልጆች ሳለን ሐሙስ መሬት ስንጭር ጆሯችንን የሚጎትተን እሱ ነበር፤ ዘንግቶታል። እውነትሽን ነው፣ እንግዲያው ለዓርብ እናቆየው አለ።

ዓርብ ኮረብታው ላይ መሬቱ ተቆፈረ። የመንደሩ ወንዶች በሙሉ ወጥተው ነው የቆፈሩት። እፍኟን አፈር ከዚያ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሃይንጉ ወረቀቷ ላይ ጥልቀቱን መጻፍ ነበረባት፤ ብዕሯን ይዛ ቆመች እንጂ መጠየቅ አቃታት። የአንድ ሰው ቁመት ብለሽ ጻፊ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በደወልክ ቁጥር ተኝቷል ያልኩህ ውሸት አልነበረም።

አፈሩን ከሌላው የሃይንጉ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ እዚያ ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ እንዳታስፈጩት፤ ዶክተር ብትሆንም አላምንህም። ራስጌህ አኑረው። አሁን ወረቀትና ማኅተም አለው፣ ማንም አይነጥቅህም። ሥራውን ያዘው ወይም ተወው አልልህም። የድሮው ጉድጓድ ድንጋዩን እንደለበሰ ነው፤ ሣሩን አሁን የምነቅልልህ እኔ ነኝ፤ እንደ እሱ በማለዳ መነሳት ግን አልሆነልኝም። ባባኩቱ ሲጮህ ነው የምነቃው፤ የምትመጣው ዛሬ ይሆን እያልኩ። ናፍቀኸኛል። ከእንግዲህ ስትደውል አፈሩ ደህና ነው ወይ ብዬ የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ለእኔ እውነቱን ንገረኝ።

መንገደኛን ውሃ እየረጨ የሚመርቀው የቤቱ ታላቅ መሆኑን ታውቃለህ። ዛሬ ውሃውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እግርህ እንቅፋት አይንካው፤ በሰው አገር ክፉ አይይህ፤ የቀደሙን ሁሉ ከፊትም ከኋላም ይጠብቁህ። ወረቀቱ ላይ ቀለሙ የፈሰሰበት ቦታ ካለ፣ የምርቃቱ ውሃ ነው።

ታላቅ እህትህ