ስለ ራሳችን ብቻ የምንናገርበት ቅዳሜ

ተሼዬ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሊሞላ ነው። ሰዉ ከወዲሁ ስለ ሙት ዓመትህ ያማክረኛል፤ እኔ ግን እስካሁን ጠዋት ስነቃ ወደ አንተ በኩል ዞሬ ያየሁትን ሕልም ላወራህ እጀምራለሁ። ከዚያ ባዶውን ትራስ አይና እነሳለሁ። አንተን የማላወራበት ጠዋት በጣም ይረዝምብኛል።

እስቲ ስለ ቤቱ ልንገርህ። ከሪንከቢው ቤታችን አልለቀቅኩም። ሥራዬም ያው ነው፤ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጣለሁ። በረንዳው ላይ የተከልከው ቲማቲም ደርቋል። ውሃ ማጠጣት የአንተ ሥራ ነበርና አልነካውም ብዬ እልህ ያዘኝ። ከሞተ ሰው ጋር እልህ የምትጋባ ሴት ነው ያገባኸው፣ ምን ታደርገዋለህ።

የቅዳሜው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ግን አልቆመም። አሁን የሚመሩት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከእኔ ቤት አይጠፉም። ያንተ ወንበር ላይ አይቀመጡም፣ ቆመው ነው የሚያነቡት። ሕግህንም አልለወጡም። ምዕራፉ ከተነበበ በኋላ እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ቃሉን የት እንደጠበቀ፣ የት እንደጣለ ይናገራል፤ ስለ ራሱ ብቻ። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ አለቃ አይነሳም። መጽሐፉ የጎረቤት ቤት መስኮት አይደለም ትለን ነበር።

ያንን ሕግ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ቀኑን አንተም አትረሳውም። የተነበበው ስለ አንደበት ነበር፣ ጉድ እኮ ነው። ተራዬ ሲደርስ ስለ ራሴ የምናገረው ሞልቶኝ ሳለ አፈርኩ። እናም የልጃችንን አወጣሁት። ሊያ ዩኒቨርሲቲውን ካቋረጠች ወራት እንዳለፏት፣ ስታስመስል እንደከረመች፣ በዚያው ሳምንት እያለቀሰች ለሁለታችን ብቻ የነገረችንን ሁሉ። በጸሎት አስቧት አልኩ፤ እንደ ትሑት ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ሊያ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። በስዊድንኛ ብትመልስልንም፣ ከአማርኛችን አንድ ቃል አያመልጣትም።

በወሩ ልብሷን ሸክፋ ከከተማ ወጣ ብሎ ሜርስታ ክፍል ተከራየች፤ አውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ክፍል ሥራ ያዘች። አንተ፣ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት አልከኝ። እናት ልጇን ይቅርታ ስትለምን የት ታይቷል፣ ትምጣ እንጂ አልሄድም አልኩህ። አልተከራከርከኝም። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ከረምኩ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ልብህ ቆመ። ቀብርህ ላይ እኔና ሊያ ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን፤ የተነጋገርነው ግን ስለ አበባውና ስለሚፈረመው ወረቀት ብቻ ነበር።

የዛሬ አሥር ቀን፣ ቅዳሜ፣ ተራዬ ሲደርስ ተናገርኩ። ስለ ራሴ። ልጄን በሰው ፊት አዋርጃት በጸሎት እንደሸፈንኩት፣ ከዚያም በኩራቴ እንደቀረሁ ተናገርኩ። የሚያጽናናኝ ሰው ጠብቄ ነበር። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ልጄ መቼ እንደምሄድ ብቻ ጠየቁኝ።

ባለፈው ረቡዕ ከሥራ እንደወጣሁ እስከ መሀል ከተማ በምድር ለምድር ባቡሩ ሰማያዊ መስመር፣ ከዚያ ወደ ከተማ ዳር በሚወጣው በፔንደሉ ባቡር ሜርስታ ድረስ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ስለማመድ ነበር። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከፈተችልኝ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝና እዚያው ደጃፉ ላይ ይቅር በይኝ ብቻ አልኩ።

ሊያ አልተቆጣችም። በስዊድንኛ ቀስ ብላ መለሰችልኝ። ይሄንንማ ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ አለች። አባባ ረቡዕ ረቡዕ እየመጣ፣ እናትሽ ልካኝ ነው፣ ይቅር በይኝ ብላሻለች ይለኝ ነበር አለች። ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ በየሳምንቱ የምትልክ እናት አንድ ቀን እንኳ ራሷ ለምን እንዳልመጣች ነው አለች።

ተሼ፣ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ስትዋሽ ይዤህ አላውቅም። ረቡዕ ሥራ ያስመሸኛል ስትለኝ አምኜህ ነበር።

ያኔ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ይቅርታውን አንተ ለምነህ አዘጋጅተህልኛል፤ ሊያም ልታስገባኝ ከበሩ ገለል ብላለች። ከኋላዋ በፍሬም የተሰቀለ ፎቶህ ይታየኛል። እንዴት እንደጓጓሁ አልደብቅህም። ልጄን አቅፌ አንገቷን ልስም አንድ እርምጃ ቀርቶኝ ነበር።

አልላክሁትም አልኳት። አባትሽ ከራሱ ነው የመጣው፤ እኔ ሂጂ ሲለኝ እንቢ ያልኩ ነኝ አልኳት።

ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ከበሩ ወዲያ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ለአንተ ይሁን በእኔ፣ አላወቅኩም። የደረጃው መብራት በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ቆሜ ተመለስኩ።

ዓመት ሙሉ የደከምክበትን በአንድ ቃል አፈረስኩብህ፣ ይቅር በለኝ። እዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ እየተቀመጥክ ያንን ቃል ስትደጋግም ትታየኛለህ። የእኔን ኃጢአት ተሸክመህ ስትመላለስ እኔ እራት ቀዘቀዘ ብዬ እነጫነጭብህ ነበር።

ነገ ደግሞ ረቡዕ ነው። ብትከፍትልኝም ባትከፍትልኝም እሄዳለሁ፤ የሚመጣውም ረቡዕ እንደዚያው። በቁሜ እስካለሁ አልረሳህም፤ ሙት ዓመትህንም ሰው ጠርቼ አወጣለሁ። ግን ከሁሉ በፊት በዚያ ባቡር ላይ አስብሃለሁ። ልጃችን ደግማ በሩን ከፍታ ማን ላከሽ ብትለኝ፣ ማንም አልላከኝም፣ ራሴ ነኝ የመጣሁት እላታለሁ።

ሚስትህ፣
አልማዝ