በሳህን የተከደነው ጎድን

አበልጄ ኤውሴቢዮ፣

በዚህ ካርድ ላይ የምታየው ባለ መስታወት አዳራሽ የምንወዳደርበት የጎልፍ ክበብ መመገቢያ ነው። ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅለው፣ አደራ።

ሮሳሪዮ ያለው ክበባችን ምሳችንን በኩሽና መስኮት እንደሚያቀብለን ሁሉ፣ እዚህ ማር ዴል ፕላታም ለእንጀራው ብሎ ጎልፍ የሚጫወት ሰው አዳራሹን አይረግጥም። ስለዚህ እኛ ተወዳዳሪዎቹ ከዛፎቹ ሥር እሳት አንድደን ሥጋ እንጠብሳለን። «አንዳችንን ከጠሩ ሁላችንንም ይጥሩ፣ አለዚያ ማንም አይገባም» የተባባልነውም በእኔው ሐሳብ ነበር።

ዛሬ ውድድሩን መምራት ስጀምር የክበቡ ፕሬዚዳንት ትከሻዬን አቅፎ «ና ናሳሪዮ፣ ዛሬ በፊት ለፊት በር ነው የምትገባው» አለኝ። እግሬ ሳያማክረኝ ገባ። ዓሣ ከነጭ ወይን ጋር አቀረቡልኝ። ጓደኞቼ እሳቱን በባርኔጣቸው ሲያራግቡ በመስታወቱ አሻግሬ አየኋቸው። ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ስወጣ ጥብሱን የሚጠብስልን ሽማግሌው ትራንሲቶ የእኔን ጎድን በሳህን ከድኖ ጠበቀኝ። «ብላ እንጂ! እዚያ ቤት መቼም በሹካ ጫፍ ነው የሚያቀምሱት» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ከአንዳቸውም አፍ ክፉ ቃል አልወጣም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሆዴ ሊፈነዳ ደርሶ እያለ አጥንቱ እስኪቀር ግጬ ጨረስኩት።

ቦታ አለቀብኝ። ኤርሚንያን ሰላም በልልኝ፣ የክርስትና ልጄን ጉንጩን ሳምልኝ። እየመራሁ ነው በለው። ምሳ የት እንደበላሁ ግን አትንገረው።

ናሳሪዮ