ስለ ጠፋችው ከተማ ጎተራና ስለ እናቴ ጣሪያ

ይድረስ ለተከበሩ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤናዎ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ቀን ቢሮዎ ስላላገኘሁዎት ስብሰባው እንደተስማማዎት አልጠራጠርም። እኔ መነጽር ሠሪ ነኝ። የእናቴን ቤት ጣሪያ ዝናብ ሳይገባ ለማደስ ፈቃድ ጠይቄ መስኮት ቁጥር አራት ፊት አሥራ ስድስት ጊዜ ቆሜያለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ለማመስገን ነው፤ ምስጋናዬንም እንደ መሥሪያ ቤትዎ ወግ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ የመስኮቱ ባለሙያ በመጣሁ ቁጥር «ሲስተም የለም» እያሉ በትሕትና ሲመልሱኝ፣ ከጀርባቸው ያለው የመዝገብ ቁም ሳጥን በሩ መስታወት በመሆኑ ኮምፒውተራቸው ላይ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ግራው ቀኝ ቢሆንም በሙያዬ ለምጄዋለሁ። ሲስተም ባይኖርም ጨዋታ ነበር፤ አንድ ሰው ከተማ አቋቁሞ የሚያስተዳድርበት፣ ጎረቤት ነገሥታትን ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅስበት ጨዋታ። በመጀመሪያው ቀን ወንዝ ዳር ሦስት ጎጆ አየሁ። በአራተኛው ቀን ግንብ፣ በሰባተኛው ወደብና ቤተ መጻሕፍት ነበር። እዚያ አገር ጣሪያ ለመሥራት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። በሥልጣኔ መካከል ቆሞ መጠበቅን የመሰለ ነገር የለም፤ ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ።

2ኛ/ ባለሙያዎ አድልዎ የሌለባቸው ሰው መሆናቸውንም መስክሬያለሁ። የከተማይቱ ሕዝብ ጎተራ እንዲሠራለት ሲለምን የባዶ ጆንያ ሥዕል ብቅ ይላል፤ እሳቸውም «በኋላ» የሚለውን ይጫናሉ። ያችን ቃል ተገልብጣም ቢሆን አውቃታለሁ፤ እኔም በእሷው ነበር የምስተናገደው። ጆንያው ዘጠኝ ጊዜ መጣ፣ ዘጠኝ ጊዜ ተመለሰ፤ በጎተራው ቦታ ግን ለንጉሡ ሰማይ ጠቀስ ሐውልት ቆመ።

3ኛ/ እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም ስለሆነ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጎረቤት ንጉሥ ከተማይቱን ከበባት፣ እህልም አለቀ። አላስችል ቢለኝ አፌን ወደ መስኮቱ ቀዳዳ አስጠግቼ «ወንድሜ፣ እባክህ ጎተራ!» አልኩ። ባለሙያዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና ስንት ጎተራ እንደሚበቃ ጠየቁኝ። ከኋላዬ የነበሩት ጡረተኛ ወታደር ስለ ምሥራቁ በር፣ የአጥር ፈቃድ ልትጠይቅ የመጣችው አዋላጅ ስለ ውሃው ምክር መስጠት ጀመሩ። ሰልፉ በአንድ አፍታ የጦር ሸንጎ ሆነ። ልክ በዚያን ሰዓት የቁጥር አምስቷ ሠራተኛ ሲስተም መጣ ብላ ተጣራች። እኛስ ምን አልን? «ቆይ፣ ከተማይቱን ያትርፏት!» አልን፤ በአንድ ድምፅ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ጎተራው ተሠርቶ አለቀ፤ የሚገባበት እህል ግን አልነበረም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሐውልቱ ብቻ ቀረ። ባለሙያዎ ዓይናቸውን ጠራርገው መስኮቱን ዘጉ፤ ሲስተሙም አብሯቸው ሄደ።

አራተኛውን ቁጥር ለእናቴ ትቼዋለሁ። በማግስቱ ዝናቡ ወረደና ጣሪያው አልጋዋ ላይ ተናደ። ደግነቱ እሷ ጎረቤት ለመጠየቅ ወጥታ ነበር። አሁን በእኔ ሳሎን ውስጥ ትተኛለች፤ በገዛ ልጇ ቤት እንደ እንግዳ ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሷን አጥፋ ጥግ ታስቀምጣለች። ይህን ማየት ልቤን ይሰብረዋል። ቀድሞ ከእናንተ ዘንድ ስመለስ «ፈቃዱስ?» ትለኝ ነበር፤ ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ግን «ከተማይቱ እንዴት ዋለች?» ማለት ጀምራ ነበር። መጥፋቷን ስነግራት «አሮጊቶች ነበሩባት?» አለች። ጨዋታው አሮጊት እንደማይቆጥር ነገርኳት።

«እንግዲያው የእኛው አገር ናት» አለች።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ከሁለት ስብሰባ መካከል ትንፋሽ ባገኙ ጊዜ፣ አንዲት አሮጊት ወደ ገዛ ቤቷ ትመለስ ዘንድ አንዲት ፊርማ እንዲያኖሩልኝ እጅ ነስቼ እለምናለሁ።

በትዕግሥቴ ልክ በማያልቅ አክብሮት፣

መነጽር ሠሪው፣
የተራ ቁጥር ስድሳ ሦስት፣
የጠፋችው ከተማ የቀድሞ የጎተራ አማካሪ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት በመስታወቱ እንዳየሁት ወንዝ ዳር አዲስ ሦስት ጎጆ ተተክሏል፤ እንኳን ደስ አለዎ። ጎረቤት ነገሥታትን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር ግን ተራው ሲደርስ ሥራውን በሦስት ሰከንድ ጨርሶ ለሚቀጥለው ይለቃል። ባለሙያዎ የማይቀየሙ ከሆነ፣ ከእሱ ጋር ወንበር ቢቀያየሩስ?